ፓይለቱ ሳያልቅ ገንዘቡ አለቀ

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ የምንኖር አምስት ጓደኛሞች ነን። ከዩኒቨርሲቲ ወጥተው ሳቢያን ውስጥ አንድ ክፍል በጋራ ስለተከራዩ አራት ወጣቶች ተከታታይ ድራማ ጽፈን ፓይለቱን (የመጀመሪያውን የሙከራ ክፍል) ጀመርን። 24 ደቂቃ ከሚሆነው 19ኙን ከቀረጽን በኋላ የእቁብ ብራችን አለቀ። ሁለት ትዕይንት ይቀረናል፤ የተቀረጸውም ላይ የቬንትሌተር ድምፅ ገብቶበታል። አንዱ ተዋናያችን ፀጉሩን ተላጭቷል፤ ሌላዋ ጥር ላይ ለሥራ አዲስ አበባ ትሄዳለች። ለመጨረስ 780,000 ብር ያስፈልገናል ብለን ዝርዝሩን አያይዘናል። አንድ የከተማችን ነጋዴ «400,000 ብር እሰጣለሁ፣ የሥራው ግማሽ የኔ ይሁን» ብለውናል። ሌሎች ደግሞ ጎፈንድሚ (በኢንተርኔት ገንዘብ ማሰባሰቢያ) ክፈቱ ይሉናል። ምን ይሻለናል አቦ?
— ከሳቢያን

መልስ፦ ለነጋዴው እስካሁን እሺም እምቢም ካላላችሁ ጥሩ ነው፤ ለጥቂት ሳምንታት እንደዚያው ቆዩ። ግማሹን መጠየቃቸው ክፋት የለበትም። ዋጋው ያልታወቀ ዕቃ የቀረበለት ነጋዴ ሁሉ ከግማሽ ይጀምራል። ችግሩ ምን እየሸጣችሁ እንደሆነ እናንተም አለማወቃችሁ ነው። «የሥራው ግማሽ» የዚህ የ24 ደቂቃ ፓይለት ግማሽ ነው? የመጀመሪያው ምዕራፍ ገቢ ግማሽ? ወይስ ስሙም፣ ገጸ ባሕርያቱም፣ ነገ በሌላ ቋንቋ የሚሠራውም፣ ዩቲዩብ ላይ የሚወጣውም ሁሉ? ፓይለት ብቻውን ይህ ነው የሚባል ገቢ አያስገባም፤ ዋጋ ያለው ከኋላው የሚመጣው ተከታታይ ነው። ለድምፅና ለከለር (ለምስሉ ቀለም ማስተካከያ) ማሠሪያ ብላችሁ ተከታታዩን ከሰጣችሁ በከተማው ውስጥ ከዚህ የከፋ ብድር ማግኘት አትችሉም።

ስለዚህ ከቁጥሩ እንጀምር። ዝርዝራችሁ እንዲህ ይላል፦ ቀሪ ቀረጻ ለ3 ቀን በቀን 70,000፣ ጠቅላላ 210,000፤ ድምፅ 60,000፤ ከለር 45,000፤ ሙዚቃ 70,000፤ ላፕቶፕ 130,000፤ ማስታወቂያ 150,000፤ «ልዩ ልዩ» 115,000። ገንዘብ ያለው ሰው ይህን ወረቀት ሲይዝ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው የመጨረሻው መስመር ላይ ነው። 115,000 ብር ልዩ ልዩ የሚል ሰው ያልጨረሰው ሒሳብ አለ ማለት ነው፤ አንባቢው ሌሎቹንም ቁጥሮች መጠራጠር የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ላፕቶፑን አውጡት። ፓይለቱ ካለቀ በኋላም የሚቆይ ንብረት ስለሆነ ማን ቤት ይቀመጣል የሚለው ብቻ ያጣላችኋል። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለው ሶፍትዌር በነጻው ቅጂ ኤዲቲንጉንም ከለሩንም ድምፁንም ይሠራላችኋል፤ አሁን ያላችሁ ማሽን ከከበደው ፕሮክሲ፣ ማለትም የቀረጻውን ቀለል ያለ ቅጂ፣ አውጥታችሁ በእሱ ቁረጡ። ማስታወቂያውንም አውጡት፤ የቴሌቪዥን ጣቢያ ያላገኘ ድራማ ለማን ይተዋወቃል? ቀረጻውን ወደ 2 ቀን አውርዱት። ሁለቱ ትዕይንቶች አንዱ ክፍሏ ውስጥ፣ አንዱ ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር ስለሆኑ ሦስተኛው ቀን ለፍርሃት የተያዘ ነው። ከዚያ የረሳችሁትን ጨምሩ፦ ሁለት ሃርድ ዲስክና የትርጉም ጽሑፍ፣ 30,000። ተዋናዮቻችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ ወደ ሶማሊኛ ይሻገራሉ፤ ድሬ እንዲህ ነው የሚያወራው፤ ግን ባሕር ዳር ያለ ተመልካች ያለ ጽሑፍ አይከተላችሁም።

አሁን 140,000 ለቀረጻ፣ 60,000 ለድምፅ፣ 45,000 ለከለር፣ 70,000 ለሙዚቃ፣ 30,000 ለዲስክና ለጽሑፍ፤ ድምሩ 345,000። በልዩ ልዩ ፋንታ 10 በመቶ መጠባበቂያ ብላችሁ 34,500 ጨምሩ። 379,500 ብር ሆነ፤ ከጠየቃችሁት ግማሽ አይሞላም። ከየመስመሩ ጎን ፕሮፎርማ ይኑር፤ ሦስት ቦታ ጠይቁና መካከለኛውን ያዙ። በጣም ርካሹን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ያ ሰው ሥራ በዝቶበት ቢቀር ሒሳቡ ሁሉ ይፈርሳል።

ይህንንም በአንድ ጊዜ አትለምኑት። ሦስት ቦታ ክፈሉት፤ አንዱ ሲያልቅ የሚታይ ነገር ይኑር። አንደኛው 50,000፦ ዲስክ፣ ጽሑፍና ከድምፁ 20,000፤ ውጤቱ የሁለት ደቂቃ ተኩል ቲዘር (አጭር ማሳያ ቪዲዮ)። ሁለተኛው 174,500፦ ቀረጻውና መጠባበቂያው፤ ውጤቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚታይ ረቂቅ ኤዲት። ሦስተኛው 155,000፦ ቀሪው ድምፅ፣ ከለር፣ ሙዚቃ፤ ውጤቱ ለጣቢያ የሚሰጥ ፋይል። ለመጀመሪያው ገንዘብ የሚሰጣችሁ የሚያምናችሁ ሰው ነው፤ ለሦስተኛው የሚሰጠው ያየውን የሚያምን ነው። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ በአንድ ደብዳቤ አይጠየቁም።

ከማንኛውም ጥያቄ በፊት ግን ድምፁ። የላካችሁትን የክፍሏን ትዕይንት አዳምጠነዋል። የሚረብሸው ቬንትሌተሩ ራሱ አይደለም፤ ካሜራው ከአንዱ ተዋናይ ወደ ሌላው በዞረ ቁጥር ጉምጉምታው ከፍ ዝቅ ማለቱ ነው። ጆሮ የማያቋርጥ ድምፅ ይለምዳል፤ የሚቆራረጥ ግን አይለምድም። ወደ ክፍሏ ተመለሱ፣ ቬንትሌተሩን በዚያው ፍጥነት አብሩት፣ ማይኩን በነበረበት ቦታና ከፍታ አቁሙት፣ ማንም ትንፍሽ ሳይል ሁለት ደቂቃ ቅዱ። ያንን ከትዕይንቱ ሥር ከዳር እስከ ዳር አንጥፉት፤ ቁርጥራጩ ይሸፈናል። የድምፅ ማጽጃ ሶፍትዌር አብዝታችሁ ከጫናችሁበት ተዋናዩ ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል። ጭራሽ የማይሰሙትን ቃላት እዚያው ክፍል፣ በዚያው ማይክና ርቀት፣ ቬንትሌተሩን አጥፍታችሁ አስደግሙ። መስኮትና በሩ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀሉ። ሰዓቱን ምረጡ፦ የሱብሒ አዛን ካበቃ በኋላ፣ ባጃጅ ሳይበዛ፣ እሑድም ሳይሆን፤ እሑድ የቅዳሴው ድምፅ ማጉያ ይመጣባችኋል። ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ግን ቲዘሩን ያድነዋል። ሰው ደብዘዝ ያለ ምስል ይታገሣል፤ የማይሰማ ንግግር ሲመጣ ስልኩን ያስቀምጣል።

ሃርድ ዲስኩን ከታይዋን ገበያ ገዛችሁ ከሌላ ቦታ፣ አንድ ፋይል ሳትገለብጡበት ሞክሩት። 2 ቴራባይት ነኝ የሚል ግን ውስጡ 64 ጊጋ የሆነ ዲስክ በገበያው አለ፤ ሲገለብጥ ምንም አይልም፣ ሲከፈት ነው ፋይሉ ባዶ የሚሆነው። ኤች-ቱ-ቴስት-ደብሊው የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ዲስኩን ጥግ ድረስ ሞልቶ መልሶ ያነብበዋል፤ ሌሊቱን ሙሉ ይፍጅ። ሁለቱ ዲስኮች በአንድ ቤት አይደሩ።

ቲዘሩን ስትቆርጡ በሙዚቃ የታጀበ የቆንጆ ምስል ድርድር አታድርጉት፤ ያ ድራማ መሥራት እንደምትችሉ አያሳይም። አራቱ ለቤት ኪራይ ብር የሚያዋጡበት ትዕይንት ሳይቆረጥ ቢያንስ 90 ሰከንድ ይሂድ። ከላካችሁት ሁሉ ጠንካራው እሱ ነው፤ አንዷ የሌላውን ድርሻ ከፍላ ዝም የምትልበት ቦታ ላይ አቁሙት።

ሌላው ወረቀት ነው። አሁን ወዳጅ ናችሁ፣ ገንዘብም የለም፤ ስለዚህ ለመፈራረም የሚመቸው አሁን ነው። አራቱ ተዋንያን ምስላቸውና ድምፃቸው እንዲታይ የፈቀዱበት፣ ወደፊት ምን ያህል እንደሚከፈላቸው በቁጥር የተጻፈበት ገጽ ይፈርሙ። «ሲያልፍልን እናስብላችኋለን» ውል አይደለም። ስክሪፕቱን የጻፉት ሁለቱ መብታቸው የማን እንደሆነ በጽሑፍ ያስቀምጡ፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብት የሚጀምረው ከጸሐፊው ነው፣ የተሸጠና የተላለፈ መብትም በጽሑፍ ካልሆነ ዋጋ የለውም። የታዋቂውን ዘፋኝ ዘፈን ደግሞ ከሁለተኛው ትዕይንት አውጡት። «ደውለንለት ፈቅዷል» ብላችኋል፤ ግን የግጥሙ፣ የዜማው፣ የቅጂው ባለቤት አንድ ሰው ላይሆን ይችላል፣ ጣቢያም የሚጠይቃችሁ ወረቀት ነው። ለሙዚቃ የያዛችሁትን 70,000 ለአንድ ወጣት አቀናባሪ ስጡና መብቱን ጠቅልላችሁ ግዙ።

የባንክ ሒሳቡ በሁለት ፈራሚ ይከፈት። ወጪ ሁሉ በዚያ ይውጣ።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ወደሚለው እንምጣ።

የመጀመሪያውን 50,000 ቲኬት ሽጡበት፤ ልገሳ አትበሉት። 125 ሰው በ400 ብር። የሚገዙት ፓይለቱ ሲያልቅ ድሬዳዋ ለሚደረገው ምረቃ መግቢያና በመጨረሻው ላይ ስማቸው እንዲወጣ ነው። አሊያንስ ፍራንሴዝን የመሰለ አዳራሽ ለመጠየቅ አሁኑኑ ደብዳቤ አስገቡ፤ ቦታው ሳይረጋገጥ ቲኬት አይሸጥም። ቴሌብር ተቀበሉ፣ ግን ለዚህ ብቻ በተከፈተ ቁጥር፤ የአንዳችሁ የግል ሒሳብ ውስጥ የአስቤዛ ብር ከቲኬት ብር ጋር ከተቀላቀለ በሁለተኛው ሳምንት ሐሜት ይጀምራል። በየዓርቡ የገባውንና የወጣውን በቴሌግራም ቻናላችሁ ለጥፉ። ቻናሉ ላይ ከማውጣታችሁ በፊት ግን አርባ ሰው በየግሉ ደውላችሁ ጠይቁ። ከሚያስፈልገው ሲሶው ገብቶ የሚታይ ማሰባሰቢያ ሰው ይቀላቀለዋል፤ ዜሮ ላይ የቆመውን ግን ጓደኛችሁም «ቆይ ልየው» ይላል። ቲሸርት አትስጡ። 400 ብር ከሰጠ ሰው 300 ብር ቲሸርት ከሰጣችሁት፣ 100 ብር ለማግኘት የልብስ ነጋዴ ሆናችሁ ማለት ነው።

«አክሲዮን ግዙ፣ ትርፍ ታገኛላችሁ» ብላችሁም ለሕዝብ አትለጥፉ። ያ የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 የሚገዛው ጉዳይ ነው።

ጎፈንድሚና እንደሱ ያለው ኪክስታርተር ኢትዮጵያ ውስጥ ባለ ባንክ ሒሳብ ገንዘብ አያወጡም። ስለዚህ ውጭ ያለ ሰው በራሱ ስም ይከፍተዋል፤ ገንዘቡም የእሱ ሆኖ ነው የሚገባው፣ የታክስ ጥያቄው የሚመጣውም በሚኖርበት አገር ለእሱ ነው። ያ ዘመድ ይህን አውቆ ይግባበት፤ ለምን እንደተሰበሰበና መቼ እንደሚላክ በአንድ ገጽ ተፈራረሙ። ኪክስታርተር ግቡ ካልሞላ ምንም አይሰጥም፤ ከሞላም 5 በመቶ ለራሱ ይወስዳል፣ ከዚያ ላይ የክፍያ ማስተላለፊያ አለ። ስለዚህ ለሦስተኛው ክፍል ብቻ ተጠቀሙበት፦ 155,000 ብሩን በዕለቱ የባንክ ምንዛሪ ወደ ዶላር መልሱና 10 በመቶ ጨምሩበት። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን ባለፈው ወር ያሰላችሁትን አትለጥፉ። ገንዘቡ በባንክ ይምጣ። በጓሮ የመጣ ብር ትንሽ ይበልጥ ይሆናል፣ ግን ለሰጪዎቹ የምታሳዩት ደረሰኝ አይኖራችሁም።

ከድርጅት ስፖንሰር ከፈለጋችሁ ቲን ቁጥርና ደረሰኝ ይጠየቃል፤ የላችሁም። ፈቃድ ያለው የፊልም ቤት ሥር ገብታችሁ ለአገልግሎቱ የተወሰነ ክፍያ ብትሰጡ ይቀላል። ተጨማሪ እሴት ታክስን ጨምሮ 100,000 ብር ቢባል 13,043 ብሩ የመንግሥት እንደሆነ አትርሱ፤ ቅድመ ግብሩም ይቀነሳል። ስንት ተባለ ሳይሆን ስንት እጃችሁ ይገባል የሚለውን ዝርዝራችሁ ላይ ጻፉ። ቢራ ፋብሪካ ጋ አትድከሙ፤ የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1112 በአልኮል ማስታወቂያ ላይ ጥብቅ ገደብ ጥሏል፣ የእናንተ ተመልካች ደግሞ ብዙው ከ21 ዓመት በታች ሊሆን ይችላል። ለከተማችሁ ካፌና ሆቴል ብር ሳይሆን ዕቃ ጠይቁ፦ ለ12 ሰው የሁለት ቀን ምሳ፣ ጄነሬተር፣ አንድ ባጃጅ ከነሹፌሩ። ባለቤቱን ራሱን ጠዋት አግኙት። ከምሳ በኋላ በርጫ ላይ የተገባላችሁ ቃል ጥሩ ቃል ነው፣ ግን በማግሥቱ በጽሑፍ አስደግሙት። የሰጡትን በገበያ ዋጋ ተምናችሁ ከበጀቱ ላይ ቀንሱ።

ከጣቢያ ጋር ስትነጋገሩ የሚቀርብላችሁን ለዩ። ብዙ ጊዜ አዘጋጁ የአየር ሰዓት ገዝቶ ማስታወቂያውን ራሱ ይፈልጋል፤ አንዳንዴ ገቢው ይካፈላል፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ጣቢያው ወጪውን ችሎ ያሠራል። የመጀመሪያው ለእናንተ አሁን አይሆንም፤ ማስታወቂያው ካልመጣ ዕዳው የእናንተ ነው። ከድሬ ቲቪም ሆነ ከሌላው ገንዘብ ባይገኝ «ፓይለቱን ለማየት ፍላጎት አለን» የሚል ደብዳቤ ይዛችሁ ውጡ፤ ለነጋዴው ከቲዘሩ እኩል ይናገራል። ፓይለቱን ዩቲዩብ ላይ በግላጭ አትልቀቁ፤ የይለፍ ቃል ባለው ሊንክ ላኩ። ድምፅ ለሚያቀናብረው ሰው ሥራው ሳይጀመር ሁለት ነገር ንገሩት፦ ለቴሌቪዥን መጠኑ በነጋቲቭ 23 ኤልዩኤፍኤስ (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ይሁን፤ ንግግሩ ከሙዚቃውና ከሌላው ድምፅ ተለይቶም ይውጣ። ቀድሞ ከተነገረው ብዙ አያስከፍልም፤ ነገ በሶማሊኛ ወይም በኦሮምኛ ደብ ማድረግ ቢመጣ ያለዚያ ፋይል እንደገና መጀመር ነው።

ቀረጻውን በተመለከተ፣ ልጅቷ ጥር ላይ ትሄዳለችና ኅዳር ላይ ይጠናቀቅ። የቁልቢ ሳምንት፣ ታኅሣሥ 19 ዙሪያ፣ አትንኩት፤ መኪናም አልጋም ዋጋው ሰማይ ይወጣል። በተቃራኒው ከውጭ የሚመጣው የድሬ ልጅ ከተማው ውስጥ ያለው ያኔ ነው፤ ረቂቁን ለሃያ ሰው የምታሳዩበት ምሽት በዚያ ሰሞን ይሁን። ለተላጨው ልጅ ዊግ አትፈልጉለት፣ ያስታውቃል። ትዕይንቱ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ብሎ ተላጭቶ የመጣ ነው፣ ይሳቁበት። ከዚራ ያለውን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ቅረጹ፤ ከዚያ በኋላ ፀሐይዋ ከላይ ዓይን ሥር ጥላ ትጥላለች፣ ተዋንያንም በላብ ይጠመቃሉ። የወረዳውን የትብብር ደብዳቤ ፎቶ ኮፒ ሁላችሁም ኪስ ውስጥ ይዙ።

አሁን ነጋዴው። ቲዘሩን፣ የጣቢያውን ደብዳቤና 379,500 የሚለውን ገጽ ይዛችሁ ሂዱ፤ የቲኬቱ ብር እንደገባም አሳዩ። 400,000 አትቀበሉ፤ ሁለተኛውን ክፍል ብቻ፣ 174,500 ጠይቁ። ያነሰ ገንዘብ መጠየቃችሁ ራሱ አመለካከታቸውን ይለውጣል። አከፋፈሉ ላይ ጠንቀቅ በሉ፦ «20 በመቶ ጨምረን እንመልሳለን» ማለት ለብዙ የድሬ ነጋዴ ወለድ ነው፣ ወለድ የማይነካ ሰው ቅር ይለዋል። ይልቅ እንዲህ አቅርቡት፦ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ከሚገባው የመጀመሪያ ገቢ ያወጡት ይመለስላቸው፤ ከዚያ በኋላ ከዚሁ ምዕራፍ የተጣራ ትርፍ 10 በመቶ ይካፈሉ፤ ሥራው ካልተሸጠ ኪሳራውን አብረው ይቀበሉ። «የተጣራ» ማለት ምን ምን ተቀንሶ እንደሆነ በውሉ ዘርዝሩ፤ ተዋንያን የሚከፈላቸው ከዚያ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ብዙ ጠብ የሚነሳው እዚህች ላይ ነው። ስሙ፣ ገጸ ባሕርያቱና ቀጣዮቹ ምዕራፎች የእናንተ ሆነው ይቆዩ፤ ስክሪፕቱ ላይ አስተያየት መስጠት ይችላሉ፣ ማዘዝ ግን አይችሉም። በ18 ወር ጣቢያ ካልተገኘ ምን እንደሚሆንም ይጻፍ።

15 በመቶ ቢሉ ተደራደሩ። ከመጀመሪያው ምዕራፍ አልፈው ስለ ተከታታዩ ባለቤትነት ካነሱ አመስግናችሁ ተነሱ፤ 174,500 ብር በሌላ መንገድ ይገኛል። መያዣ ከጠየቁም የጋራ ሒሳቡን መግለጫ በየወሩ እንሰጣለን በሉ። ጥሬ ቀረጻው ያለበትን ዲስክ ግን ለማንም በመያዣነት አታስረክቡ።